የሜርኩሪ ብክለት በአየርና በውሃ

ሜርኩሪ፣ በቀድሞ አጠራሩ ባዜቃ፣ ከብረታ ብረት ወገን በተለመደው የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛ ንጥረ ነገር ነው። የአቶም ቁጥሩ 80 ነው። የሜርኩሪ ብክለት የሚባለው ይህ ንጥረ ነገር በሰው ሥራ ምክንያት ከተፈጥሮ መጠኑ በላይ በአየር፣ በውሃ፣ በአፈርና በሕያዋን አካል ውስጥ ሲከማች ነው። ሜርኩሪ አይበሰብስም፣ አይቃጠልም፣ ወደ ሌላ ንጥረ ነገርም አይለወጥም። ቅርጹን እየቀያየረ ከአየር ወደ ምድር፣ ከምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ደግሞ ተመልሶ ወደ አየር ይዘዋወራል።

የአካባቢ ኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ሜርኩሪን የሚከታተሉት በዋናነት በዓሣ ምክንያት ነው። የአንድ ሐይቅ ውሃ ለመጠጥ ከተፈቀደው መጠን በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ሜርኩሪ ይዞ ሳለ፣ በዚያው ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ትልቅ ዓሣ ለምግብነት ከተፈቀደው መጠን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ውሃውን ብቻ በመለካት የሐይቁን ደኅንነት ማወቅ አይቻልም። በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው፣ ጥልቅና ዓሣ የሚጠመድበት በመሆኑ ይህን ጉዳይ ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ሜርኩሪ በዓሣ ውስጥ እንዴት እንደሚከማች ከሚያሳዩት ጥናቶች መካከል ደግሞ በሀዋሳ ሐይቅ የተደረጉት ይጠቀሳሉ።

ሐይቅና አምባሰል

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው በአቅራቢያዋ ካለው ሐይቅ ነው። በወረዳው ሰሜን የአምባሰል ወረዳ ይዋሰናል፤ ዋና ከተማውም የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ ናት። አካባቢው ገደላማ ተራሮች፣ ተዳፋት ማሳዎችና በመካከላቸው የተኙ ሜዳዎች ያሉት ነው።

የሐይቅ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። በዳርቻው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ከፍ ብሎ ከሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝና በዙሪያው ካሉ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ወደዚህ ሐይቅ ይገባሉ። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ውሃ በዋናነት የሚቀንሰው በትነት ነው።

ይህ ለኬሚስትሪ ትልቅ ትርጉም አለው። ወንዝ የሚያስወጣ ሐይቅ ከተቀበለው ጨው፣ ማዳበሪያና በካይ ነገር ከፊሉን ወደ ታች ይሸኛል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን ውሃው ሲተን አብዛኛውን ነገር በውሃው ውስጥ ወይም በወለሉ ደለል ውስጥ ያስቀራል። ሜርኩሪ በዚህ ረገድ ከሌሎች ብረታ ብረቶች በከፊል ይለያል። የፀሐይ ብርሃን በውሃው ውስጥ ካለው ሜርኩሪ የተወሰነውን ወደ ተናኝ ቅርጹ ስለሚመልሰው ከሐይቁ ገጽ ወደ አየር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። የቀረው ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር ጋር ተጣብቆ ወደ ወለሉ ይወርዳል።

ሜርኩሪ በአየር ውስጥ

ሜርኩሪ ወደ አየር የሚገባው ከተፈጥሮም ከሰው ሥራም ነው። እሳተ ገሞራ፣ የሰደድ እሳትና ሜርኩሪ ያለባቸው ዓለቶች የተፈጥሮ ምንጮች ናቸው። የሰው ሥራ ግን መጠኑን በእጅጉ ጨምሮታል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ መሠረት በ2015 እ.ኤ.አ. ከሰው ሥራ ወደ አየር የተለቀቀው ሜርኩሪ 2,220 ቶን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ የመጣው ከባህላዊና ከአነስተኛ ደረጃ የወርቅ ማውጣት ሥራ ሲሆን፣ 21 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ቃጠሎ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች፣ የብረታ ብረት ማቅለጫዎችና የቆሻሻ ቃጠሎም ድርሻ አላቸው።

በባህላዊ ወርቅ ማውጣት ሜርኩሪ የሚፈለገው ወርቅን ስለሚይዝ ነው። ወርቅ ያለበት አሸዋ ከሜርኩሪ ጋር ሲታሽ ወርቁ ከሜርኩሪው ጋር ተዋሕዶ ለስላሳ ቅይጥ ይሠራል። ቅይጡ በእሳት ሲሞቅ ሜርኩሪው ተኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። የሚተነው ሜርኩሪ መጀመሪያ የሚጎዳው እሳቱ አጠገብ የቆመውን ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይጓዛል።

በአየር ውስጥ ሜርኩሪ በሦስት ቅርጽ ይገኛል። የመጀመሪያው ያልተዋሐደ የሜርኩሪ ጋዝ ነው። ይህ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ገደማ በአየር ላይ ሊቆይና ዓለምን ሊዞር ይችላል። ሁለተኛው በአየር ውስጥ ባሉ እንደ ብሮሚን ባሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ኤሌክትሮን ያጣ ሜርኩሪ ነው። ይህ በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከዝናብ ጋር ይወርዳል። ሦስተኛው በአቧራና በጥላሸት ቅንጣት ላይ የተጣበቀው ነው፤ እሱም ከምንጩ ብዙ ሳይርቅ ያርፋል።

በሰሜኑ የምድር አጋማሽ ከምንጮች ርቆ በሚገኝ አየር ውስጥ ያለው የሜርኩሪ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ 1.5 ናኖግራም ገደማ ነው። ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ሜርኩሪ መተንፈስ ጉዳት አያደርስም። ሆኖም አየሩ በሁሉም ቦታ ስለሚደርስ ፋብሪካም ሆነ የወርቅ ማውጫ በሌለበት ተራራማ አገር ያለ ሐይቅም ድርሻውን ይቀበላል። ከኢንዱስትሪ ርቀው በሚገኙ የዓለም ሐይቆች ደለል ውስጥ የሚገባው ሜርኩሪ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ያህል ጨምሮ መገኘቱ ይህን ያረጋግጣል።

ከአየር ወደ አፈርና ወደ ሐይቅ

ሜርኩሪ ወደ ምድር የሚመለሰው በዝናብ ብቻ አይደለም። የዛፎችና የሣሮች ቅጠል በሚተነፍሱባቸው ቀዳዳዎች የሜርኩሪ ጋዝን ከአየር ይቀበላል። ቅጠሉ ሲረግፍ ሜርኩሪው አብሮት ወደ አፈር ይገባል። በአፈር ውስጥ ከበሰበሰ የተክል ቅሪት ጋር አጥብቆ ይያያዛል። በዚህ ምክንያት ለም የሆነው የላይኛው አፈር የሜርኩሪ መጋዘን ይሆናል።

አፈሩ በጎርፍ ሲታጠብ ሜርኩሪውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ አምባሰልና ተሁለደሬ ባሉ ተዳፋታማ ቦታዎች የደን መራቆትና የአፈር መከላት የእርሻ ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ሐይቁ ከሚቀበለው ነገር ጋርም የተያያዙ ናቸው። የዚህን አካባቢ የረጅም ጊዜ ታሪክ የሚያሳይ ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. ኢያን ዳርብሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር አሳትመዋል። ተመራማሪዎቹ ከአርዲቦና ከሐይቅ ሐይቆች ወለል ደለል በመውሰድ በውስጡ የተቀበሩትን የአበባ ብናኞችና የከሰል ቅንጣቶች ቆጠሩ። ውጤቱ የ3,000 ዓመት ታሪክ ነበር። በመጀመሪያ አካባቢውን የሸፈነው የዝግባና የጥድ ደን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ500 ዓመት ገደማ በኋላ ደኑ በክትክታ ቁጥቋጦና በሣር ተተካ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ያሉበት ደን እንደገና ተስፋፋ። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ የደን ምንጣሮውና የአፈር መከላቱ በረታ።

ደለል በየዓመቱ በላይ በላዩ ስለሚነጠፍ የሐይቅ ወለል እንደ መዝገብ ነው። የላይኛው ንጣፍ የቅርቡን፣ የታችኛው የጥንቱን ዘመን ይይዛል። የሜርኩሪ ተመራማሪዎችም በዚህ መዝገብ ይጠቀማሉ። ረጅም ቱቦ ወደ ጭቃው በመስደድ ዓምድ የሚመስል ናሙና ያወጣሉ፤ በየሴንቲ ሜትሩ ቆርጠው ሜርኩሪውን ይለካሉ። የቅርብ ዘመኑን ንጣፍ ዕድሜ የሚያውቁት በተፈጥሮ በሚገኘው እርሳስ-210 ነው፤ ይህ አቶም በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የ150 ዓመት ያህል ጊዜ ለመቁጠር ያገለግላል።

ሜቲል ሜርኩሪ

ከአየርና ከአፈር ወደ ሐይቅ የሚገባው አብዛኛው ሜርኩሪ በምግብ በኩል ወደ ሰውነት በብዛት የማይገባ ዓይነት ነው። አደጋው የሚጀምረው ኦክስጅን በሌለበት የሐይቅ ወለል ነው። በዚያ የሚኖሩ የተወሰኑ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ሜርኩሪውን ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጅን አቶሞች ጋር በማያያዝ ሜቲል ሜርኩሪ የተባለውን ውሁድ ይሠራሉ። ከእነዚህ መካከል ሰልፌትን እየተጠቀሙ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ዋነኞቹ ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ሁለት ጂኖች በ2013 እ.ኤ.አ. ተለይተው ታውቀዋል።

ሜቲል ሜርኩሪ ከሌላው የሚለየው በሕያዋን አካል ውስጥ ባለው ባሕርይ ነው። ከምግብ ጋር ሲገባ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከአንጀት ወደ ደም ይተላለፋል። ድኝ ካላቸው የፕሮቲን ክፍሎች ጋር ስለሚያያዝ በጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል። ወደ አንጎልና በእርግዝና ጊዜ ወደ ጽንሱ የማለፍ ችሎታም አለው። ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ በሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ 50 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

በጡንቻ ውስጥ መቀመጡ በወጥ ቤት በኩልም ትርጉም አለው። ሜርኩሪው ያለው በሚበላው ሥጋ ውስጥ እንጂ በቆዳው ወይም በስቡ ላይ ስላልሆነ ዓሣውን በማጠብ፣ በመጥበስ ወይም በመቀቀል አይወገድም።

በምግብ ሰንሰለት ውስጥ ማደግ

በውሃ ውስጥ ያለውን ሜቲል ሜርኩሪ መጀመሪያ የሚይዙት አልጌዎች ናቸው። አልጌውን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይበሉታል። እነዚህን ትንንሽ ዓሦች፣ ትንንሾቹን ደግሞ ትልልቆቹ ይበሏቸዋል። በእያንዳንዱ ደረጃ በላተኛው የተበላውን ጉልበት ያቃጥለዋል፤ ሜቲል ሜርኩሪውን ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ መጠኑ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያድጋል። በሰንሰለቱ ጫፍ ባለ አዳኝ ዓሣ ውስጥ ያለው ሜቲል ሜርኩሪ በውሃው ውስጥ ካለው አንድ ሚሊዮን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የኢኦርጋኒክ ሜርኩሪ መመሪያ በሊትር 6 ማይክሮግራም ነው። በሊትር 1 ናኖግራም ሜርኩሪ ያለው ሐይቅ ከዚህ መመሪያ በ6,000 እጥፍ ያነሰ ስለሆነ በመጠጥ ውሃ ሚዛን ንጹሕ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ሜቲል ሜርኩሪ ሆኖ በዓሣው ውስጥ በአንድ ሚሊዮን እጥፍ ቢያድግ፣ አንድ ኪሎ የዓሣ ሥጋ 0.1 ሚሊግራም ይይዛል። ሜቲል ሜርኩሪ የሚሠሩት ተሕዋስያን በሚበዙበት ወይም የምግብ ሰንሰለቱ በሚረዝምበት ሐይቅ ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል።

የአንድ ዓሣ የሜርኩሪ መጠን በዋናነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በሚበላው፣ በዕድሜውና በሚያድግበት ፍጥነት። በአብዛኛው አልጌ የሚመገበው ቆሮሶ በሰንሰለቱ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ስለሚገኝ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ሜርኩሪ ይይዛል። ሌሎች ዓሦችን የሚያድኑ፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸውና ቀስ ብለው የሚያድጉ ዓሦች ከፍተኛውን ይይዛሉ።

በሀዋሳ ሐይቅ የተደረጉ ጥናቶች

ይህ ሂደት በኢትዮጵያ ሐይቅ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩት ዘሪሁን ደስታ፣ ራይዳር ቦርግስትረም፣ ብዮርን ኦላቭ ሮሰላንድና ዝናቡ ገብረማርያም ከ2006 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶች ናቸው። የሀዋሳ ሐይቅም እንደ ሐይቅ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ የሚባለው ባርቡስ ይኖሩበታል።

ተመራማሪዎቹ ሜርኩሪውን ከመለካት በተጨማሪ እያንዳንዱ ዓሣ በምግብ ሰንሰለቱ የቱ ደረጃ ላይ እንዳለ ለማወቅ ከባዱን ናይትሮጅን፣ ናይትሮጅን-15ን ተጠቅመዋል። የሚበላ እንስሳ ከባዱን ናይትሮጅን ከምግቡ ይልቅ በሰውነቱ ውስጥ በትንሹ ስለሚያበዛ፣ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር እንስሳው ያለበት ደረጃም ከፍ ያለ ነው።

በ2006 የታተመው ጥናት በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ትልቅ ልዩነት እንዳለ አሳይቷል። ትልቁ ባርቡስ ምግቡን ሲቀይርና ሌሎች ዓሦችን ወደ መብላት ሲሸጋገር የሜርኩሪ መጠኑ በእጅጉ ይጨምራል። በ2007 የታተመው ደግሞ ያልተጠበቀ ውጤት አመጣ፤ ዓሣ የሚበላው አምባዛ ከደረጃው አንጻር ይጠበቅ ከነበረው ያነሰ ሜርኩሪ ይዞ ተገኘ። በ2008 የታተመው ጥናት በአንዲት ትንሽ የባርቡስ ዝርያ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ዓሣዋ በሐይቁ ውስጥ የምትኖርበት ቦታና የምግብ ደረጃዋ የሜርኩሪ መጠኗን እንደሚወስኑ አሳይቷል።

እነዚህ ውጤቶች ለሌሎች ሐይቆችም ትምህርት ይሰጣሉ። የዓሣውን ስም ወይም ትልቅነት ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። አምባዛ አዳኝ ስለሆነ መርዘኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ከአንድ ሐይቅ የተገኘ ቁጥርም ለሌላው እንዳለ አይወሰድም። እያንዳንዱ ሐይቅ የራሱ የምግብ ሰንሰለት አለው።

የሐይቅ ሐይቅ መለወጥ

የሐይቅ ሐይቅ ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ ባሕርይው ከተለወጠባቸው የኢትዮጵያ ሐይቆች አንዱ ነው። ባክስተርና ጎሎቢች በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ሐይቁ አጭር የሳይንስ ጽሑፍ አውጥተዋል። በዚያን ዘመን ሐይቁ አልጌ የማይበዛበት ጥሩ ውሃ ያለው ሐይቅ ሆኖ ይታወቅ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። በ1992 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ግን ሐይቁ በንጥረ ምግብ የበለጸገና አልጌ የበዛበት መሆኑ ተገለጸ። በ2011 እ.ኤ.አ. ታደሰ ፈታሂና ባልደረቦቹ የሐይቁን የምግብ መረብ ከአልጌ እስከ ዓሣ በሞዴል አቀናብረው አሳትመዋል። እንዲህ ያለው የምግብ መረብ ጥናት አንድ በካይ በየትኛው መንገድ ወደ ሰው እንደሚደርስ ለመከታተል መሠረት ነው።

የአልጌ መብዛት ሜርኩሪን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይነካዋል። በአንድ በኩል አልጌው ሞቶ ወደ ወለል ሲወርድና ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦክስጅን ያጣው የሐይቅ ወለል ሜቲል ሜርኩሪ ለሚሠሩት ባክቴሪያዎች ምቹ ይሆናል። በሌላ በኩል ያው መጠን ያለው ሜርኩሪ በብዙ አልጌ ላይ ስለሚከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ በደንብ የሚመገቡ ዓሦችም በፍጥነት ስለሚያድጉ ሜርኩሪው በሥጋቸው ውስጥ ይሳሳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያይል የሚታወቀው በግምት ሳይሆን ውሃውን፣ ደለሉን፣ አልጌውንና ዓሣውን አንድ ላይ በመለካት ነው።

ሌሎች በካይ ነገሮች

ሜርኩሪ የሚጓዝበት መንገድ የሌሎች በካይ ነገሮችንም ባሕርይ ለመረዳት ይረዳል። ለወባ መከላከያ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሲረጭ የነበረው ዲዲቲ እንደ ሜርኩሪ በምግብ ሰንሰለት ያድጋል፤ የሚቀመጠው ግን በጡንቻ ሳይሆን በስብ ውስጥ ነው። ኤርሚያስ ደሪቤና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ቆቃ ሐይቅ ዓሦች ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ለረጅም ጊዜ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች በዓሣው ውስጥ የሚከማቹበት መጠን በስቡ ብዛትና በምግብ ደረጃው እንደሚወሰን አሳይተዋል። ያሬድ በየነ ዮሐንስና የጃፓን ባልደረቦቹም በዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ላይ ተመሳሳይ ጥናት አድርገዋል።

በደቡብ ወሎ ራሱ በቅርብ የተጠናው የብረታ ብረት ብክለት የኮምቦልቻው ነው። እስክንድር ዝናቡና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከከተማዋ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ፍሳሽና ፍሳሹ የሚገባባቸውን ወንዞች መርምረዋል። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከፍተኛ ክሮሚየም፣ ከብረት ማቀነባበሪያ ደግሞ ከፍተኛ ዚንክ አግኝተዋል። እነዚህ ወንዞች ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ስለሚሄዱ ብክለቱ ወደ ሐይቅ ሐይቅ አይደርስም።

የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት አስተማሪ ነው። የኮምቦልቻው ብክለት ምንጩ በጣት የሚጠቆም ነው፤ ቱቦው ተከትለውት የሚደርሱበት ፋብሪካ አለ፣ ፍሳሹን በማጣራትም ሊቀንስ ይችላል። ከአየር የሚወርደው ሜርኩሪ ግን በሌላ አህጉር ከተቃጠለ የድንጋይ ከሰል ሊመጣ ስለሚችል አንድ ወረዳ ወይም አንድ አገር ብቻውን አይከላከለውም።

ልኬቱ እንዴት እንደሚካሄድ

በሐይቅ ውሃ ውስጥ ሜርኩሪን መለካት እጅግ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚፈለገው መጠን ከቢሊዮንኛ ግራም የሚቆጠር ስለሆነ ከተመራማሪው እጅ፣ ከልብሱ ወይም ከጀልባው የሚነካ ትንሽ ቆሻሻ ውጤቱን ያበላሻል። ለዚህም ሁለት ሰዎች ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ ጠርሙሱን ብቻ ይነካል፤ ሌላው የውጭውን ከረጢት፣ ገመዱንና ሌላውን ዕቃ ይይዛል። ጠርሙሶቹ አስቀድመው በአሲድ ይታጠባሉ። ሐይቁ ላይ የተከፈተና ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ጠርሙስም ከናሙናዎቹ ጋር አብሮ ይመረመራል፤ በእሱ ውስጥ ሜርኩሪ ከተገኘ ብክለቱ ከሐይቁ ሳይሆን ከአሠራሩ መምጣቱ ይታወቃል።

በቤተ ሙከራ በናሙናው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በኬሚካል ወደ ተናኝ ቅርጹ ይመለሳል። ከዚያ በጋዝ እየተነፋ ወርቅ በተቀባ አሸዋ ላይ ይያዛል። የወርቅ አውጪው ሜርኩሪን ወርቅ ለመያዝ ይጠቀምበታል፤ ኬሚስቱ ደግሞ በተቃራኒው ወርቅን ሜርኩሪ ለመያዝ ይጠቀምበታል። ወርቁ ሲሞቅ የተያዘው ሜርኩሪ ይለቀቃል፣ 253.7 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይበራበታል፣ አቶሞቹ ከሚሰጡት ምላሽም መጠኑ ይሰላል። አየርም የሚለካው በተመሳሳይ ዘዴ ነው፤ የታወቀ መጠን ያለው አየር በወርቁ ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል።

ከዓሣ ጥቂት የጀርባ ጡንቻ ይወሰዳል። ርዝመቱ፣ ክብደቱና ጾታው ይመዘገባል፤ ዕድሜው በጆሮ አጥንቱ ወይም በቅርፊቱ ላይ ካሉ ቀለበቶች ይገመታል። ከሰው ደግሞ የፀጉር ናሙና ይበቃል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሰውየው በየወሩ ያገኘውን ሜቲል ሜርኩሪ በቅደም ተከተል ይመዘግባል።

በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሜቲል ሜርኩሪ በዋናነት የሚጎዳው የነርቭ ሥርዓትን ነው። ብዙ መጠን ሲሆን የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የሚዛን መጥፋት፣ የዕይታና የመስማት መቀነስ፣ በመጨረሻም ሞት ያስከትላል። በጽንስ ላይ ያለው ጉዳት ከእናቲቱ ይበልጣል፤ እናት ምንም ሕመም ሳይሰማት የልጁ አንጎል ዕድገት ሊጎዳ ይችላል።

ይህ በግልጽ የታወቀው በጃፓን በሚናማታ ከተማ ነው። አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ሜቲል ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ሰላጤው ሲለቅ ቆየ። ከሰላጤው ዓሣ የሚበሉ ቤተሰቦች ታመሙ፤ በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። በ1971 እና በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢራቅ በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ የዘር ስንዴ ለዳቦ በመዋሉ ከ6,000 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 459ኙ ሞተዋል። ለዘር የታሸ እህል ለምግብ እንዳይውል የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ክብደት ከዚህ ታሪክ ይታያል።

በተለመደው አመጋገብ ግን ጉዳዩ የመጠን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2003 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው የሳምንት ገደብ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ሜቲል ሜርኩሪ ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ በሳምንት 96 ማይክሮግራም ይሆናል። በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ከያዘ ዓሣ ይህን ገደብ ለመድረስ 190 ግራም ያህል ይበቃል። በኪሎ 0.05 ሚሊግራም ከያዘ ዓሣ ግን ገደቡ የሚደረሰው 1.9 ኪሎ ሲበላ ነው።

ዓሣ ጥሩ ፕሮቲንና ለአንጎል የሚጠቅሙ የስብ ዓይነቶች ያሉት ምግብ ነው። ስለዚህ በብዙ አገሮች ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ምክር ዓሣን መተው ሳይሆን ከትልልቅ አዳኞች ይልቅ በሰንሰለቱ ዝቅ ያሉትን መምረጥ ነው።

መከላከል

ሜርኩሪ ድንበር ስለማያግደው መከላከያውም ዓለም አቀፍ ሆኗል። ስሙን ከተጎዳችው ከተማ የወሰደው የሚናማታ ስምምነት በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. በጃፓን ጸድቆ ከነሐሴ 16 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ስምምነቱ አዲስ የሜርኩሪ ማዕድን ማውጫ እንዳይከፈት ይከለክላል፤ ሜርኩሪ ያለባቸውን የሙቀት መለኪያዎች፣ ባትሪዎችና የቆዳ ማንጫ ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ ያዛል፤ ከድንጋይ ከሰል ቃጠሎ የሚወጣው እንዲቀንስና በባህላዊ ወርቅ ማውጣት ያለው አጠቃቀም እንዲገታ ይጠይቃል። ዲዲቲንና መሰሎቹን የሚመለከተው የ2001 እ.ኤ.አ. የስቶክሆልም ስምምነት ነው።

በአካባቢ ደረጃ የሚደረገውም ትርጉም አለው። ተዳፋቱን በእርከንና በዛፍ መጠበቅ ከአፈሩ ጋር የሚወርደውን ሜርኩሪ ይቀንሳል። ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ መከላከል የሐይቁ ወለል ኦክስጅን እንዳያጣ ይረዳል። ሜርኩሪ ያለባቸውን የተሰበሩ የሙቀት መለኪያዎች፣ አምፖሎችና ባትሪዎች ከሌላ ቆሻሻ ጋር አለማቃጠልም አየሩን ይጠብቃል። የተሰበረ የሜርኩሪ ሙቀት መለኪያ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ ጠብታዎቹ በወፍራም ወረቀት ተሰብስበው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ መስኮትም ይከፈታል፣ ልጆችም ከክፍሉ ይርቃሉ።